ባዶውን የወረደው ሳህን

ወገዳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እኅታችን ለዊዳድ ጁሃር፤ ባሕር ዳር።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። የቆምሽ እንደሆነ ተቀመጪ፤ የተቀመጥሽ እንደሆነ ግድግዳ ተደገፊ። በቤታችን ላይ የደረሰውን ከባድ ነገር የማሳውቅሽ በታላቅ ሐዘንና በተሰበረ ልብ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በቅንነት ያገለገለን፣ ቡና ሳያዳላ በርበሬ ሳይንቅ የመዘነ፣ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብሎ ከሥራ ያልቀረው የሱቃችን ሚዛን ባለፈው ሰኞ ከዙሁር ሶላት በኋላ አእምሮውን ስቷል።

ደነገጥሽ አይደል? ማን ሞተ ብለሽ ነበር። ማንም አልሞተም። ያው አባባ ነው የሞተው፤ እሱን ደግሞ ታውቂያለሽ።

ኔትወርኩ እንደጠፋ ነው። ስለዚህ ይህን የአይሱዙው ሾፌር ደስታ እስከ ደብረ ታቦር ይዞት ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ላለው አላህ ያውቃል። ለጥያቄዎችሽ በየተራ ልመልስ። እማዬ ትበላለች ወይ ላልሽው፦ እኔ ሳያት ትበላለች። ትተኛለች ወይ ላልሽው፦ ዓይኗን ጨፍና ትጋደማለች። ስለ አባባ ታወራለች ወይ ላልሽው ግን፦ አታወራም። ከቀብሩ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ቤት ስሙን የጠራ የለም። ኮቱ ከሱቁ በር ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ እንግዳ የረሳው ይመስል በጎኑ እናልፋለን።

እና ሰኞ ዕለት፣ እማዬ መስበሓዋን እየቆጠረች በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ባንኮኒው ጀርባ ስኳር እየቋጠርኩ ነው። ሳህኖቹ ባዶ ናቸው። ማንም አልነካቸውም። አንደኛው ሳህን ቀስ ብሎ ወረደ። ትንሽ ቆየ። ተመለሰ።

መስበሓው ከእጇ ላይ ቆመ። «ጁሃር?» አለች።

እታለም፣ ድምፅዋን ብትሰሚው! በር ላይ የቆመ ሰው ግባ እንደሚባለው። «ጁሃር፣ አንተ ነህ?» ሳህኑ ደግሞ ወረደ። እማዬ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ራት ላይ ሙሉ ምግብ በላች። ሚዛኑን የገዛው ደብረ ታቦር መሆኑን፣ በቅሎ ላይ ቢጫን ይናወጥብኛል ብሎ እስከ ቤት ድረስ በትከሻው መሸከሙን ነገረችኝ። ታውቂ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር።

አንቺ የማግኔት ሊቅ ልትሆኚ ነው ይባላል፤ እስቲ ይህን ምን ትይዋለሽ? ደግሞስ በትክክል የምታጠኚው ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ «ስለ ማግኔት» እላለሁ። «ማግኔት ምን ጥናት አለው? ብረት ይስባል፤ አለቀ» ይሉኛል። አሳፈርሽኝ እኮ።

ዐሥረኛ ክፍልን በክብር ያቋረጠው ወንድምሽ፣
ሻፊ


ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሻፊ፣

ወዐለይኩም ሰላም። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ቆሜ ነው ያነበብኳቸው፤ የቀረውን መሬት ላይ ተቀምጬ። ሁለተኛ ደብዳቤ እንዲህ ብለህ እንዳትጀምር። በዚህ ዓመት አንድ መርዶ ይበቃኛል፤ እሱንም የሰማሁት አባባ በተቀበረ በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። አፈር ሲለብስ አልነበርኩም። ለእማዬ ይቅር በይኝ ብላለች በልልኝ። በየደብዳቤው እልሃለሁ፤ በየደብዳቤው ንገራት።

ስለ ጥናቴ። «ብረት ይስባል፤ አለቀ» ያሉህ ሰዎች ስለ አንዱ ዓይነት እውነታቸውን ነው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ትንሽ መርፌ ነው በል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞረዋል፤ ጉልበታቸው ይደመራል። እኔ የማጠናው ግን ጎረቤታሞቹ የሚቃረኑበትን ነው። አንዱ ወደ ላይ፣ አጠገቡ ያለው ወደ ታች። ድምሩ ዜሮ። ሚስማር ብታስጠጋ አይስብም፤ ኮምፓስ አያውቀውም። አንቲፌሮማግኔት ይባላል።

በእንዲህ ያለው ነገር ውስጥ የሚሮጡ ኤሌክትሮኖች አሉ። ኤሌክትሮን ራሱ ስፒን የሚባል ጠባይ አለው፤ እሱም ወይ ላይ ነው ወይ ታች። የሚሄዱባቸውን የኃይል መስመሮች ባንድ እንላቸዋለን። ድምሩ ዜሮ ከሆነ ላይኛውም ታችኛውም በአንድ መስመር ተደራርበው ይሄዳሉ፤ ልዩነት የለም ተብሎ ብዙ ዘመን ታልፏል። አሁን ግን በአንዳንድ ክሪስታሎች መስመሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኘ። በአንድ አቅጣጫ ስትሄድ ላይኛው ስፒን ዝቅ ባለው መስመር ይሄዳል፤ ዞረህ በሌላ አቅጣጫ ስትሄድ ታችኛው። ከውጭ ምንም። ከውስጥ ለሁለት የተከፈለ።

ጥቅሙን ብትጠይቀኝ፣ ስፒንትሮኒክስ የሚባል ሥራ አለ፤ መረጃን በኤሌክትሮን ስፒን መያዝ ነው። እንዲህ ባለ ነገር ላይ የተጻፈውን ሰው በኪሱ በያዘው ማግኔት አያጠፋውም። ይህንን ለጎረቤት አስረዳ፤ አታፍርብኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ባዶውን የወረደው የትኛው ሳህን ነው? ኪሎው የሚቀመጥበት ነው ወይስ የሸቀጡ? ለሌላው ሰው ሁለቱም ያው ነው። የነጋዴ ልጅ ግን ይህንን መጻፉን አይረሳም ነበር።

ዊዳድ


ወገዳ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም ዊዳድ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ጥናትሽን ለሰፈሩ አስረድቻለሁ። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ጎረቤታችን ተናኘ አዳምጣ አዳምጣ፣ «ይህማ የእኔና የባሌ ትዳር ነው! እሱ ላይ ሲል እኔ ታች፤ ከውጭ ግን ድምፅ የለም። ለዚህ ነው ባሕር ዳር ድረስ የሄደችው? እዚሁ ቤቴ መጥታ አታጠናም?» አለች። ስንጥቁን ስነግራት ግን ሳቋን ተወችው። «እሱንስ ማን ነገራት?» አለችኝ።

በሾፌሩ በደስታ አፍ ስለላክሽው ጥያቄ፦ የተበላሸው ስፒከራችን የት ደረሰ ማለትሽ ለምን አስፈለገ? ስፒከር ከተበላሸ ተበላሸ ነው። ሰው ስለ ሙት ሲጽፍልሽ አንቺ ስለ ስፒከር ትጠይቂያለሽ።

ለዋናው ጥያቄ፦ የሸቀጡ ነው።

ስትጠይቂኝ ነው የገባኝ፤ ወላሂ። እማዬ ግን ከእኔም ካንቺም በፊት ገብቷታል። ለካ እሷ ስታለቅስም ስትስቅም እንደ ነጋዴ ሚስት ነው የምታየው። በአራተኛው ቀን «ጁሃር» ማለቷን ተወችና ተነስታ ሚዛኑን ዞር ዞር ብላ አየችው። የሸቀጡ ሳህን ባዶውን የሚወርድ ከሆነ፣ ለገዢው ኪሎ ብለን የሰጠነው ኪሎ አልሞላም ማለት ነው። «ለካ ለዚህ ነው የመጣኸው» አለች። ቀስ ብላ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሳህኑ። «የሰው ሐቅ ይዘህ ሄደሃል።»

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ከመዘነች በኋላ አንድ ስኒ ቡና ትጨምራለች። «ጁሃርን አውፍ በሉት፤ ይቅር በሉት» ትላለች። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። ባለፈው ገበያ ቀን ግን ከደጅ ወጥታ ቆመችና «ባለቤቴ ያጎደለባችሁ ካላችሁ ኑ፤ በመቃብሩ በዕዳ እንዳታቆዩት» አለች። አባባን ታውቂዋለሽ፤ አንድ ፍሬ ቡና ከሳህኑ ቢወድቅ ጎንበስ ብሎ አንስቶ ለገዢው የሚመልስ ሰው። አሁን ግን አንድ ጎረምሳ፣ አባባ ሲሞት ሬሳውን የተሸከመ፣ ምን አለ መሰለሽ? «እኔስ ድሮም እጠረጥር ነበር።»

ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ቀልድ ብጀምርም አይጨረስልኝም። ይህንንም ደብዳቤ ቢሆን ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ሻፊ


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሻፊ፣

የሸቀጡ ሳህን ብረት ነው። የኪሎው ሳህን ከተሰበረ ወዲህ የተተካው በናስ ነው። ማግኔት ብረቱን ይስባል፤ ናሱን አይነካውም። አባባ ቢሆን ኖሮ ብረት መርጦ ምን ያደርጋል? ናሱንም አንድ ቀን ባወረደው ነበር።

የስፒከሩን ማግኔት በጉልበትህ ነው ወይስ በእግርህ የምታንቀሳቅሰው? ይህን ብቻ ነው ያላወቅኩት።

አሁኑኑ ንገራት።

እኅትህ


ወገዳ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

በጉልበቴ ነው። ማግኔቱን በእንጨት ጫፍ አስሬ፣ እንጨቱን ባንኮኒው ሥር በሚስማር አንጠልጥዬ። ጉልበቴን ከፍ ሳደርግ ይጠጋል፣ ዝቅ ሳደርግ ይርቃል። ሥራውን ብታዪው ትኮሪብኝ ነበር። ማግኔቱ ብረቱን ይስባል ብዬ እንጂ የትኛው ወገን እንደሆነ አላሰብኩም። የነጋዴ ልጅ አይደለሁም ማለት ነው፤ በዚህ ስደቢኝ።

ለምን እንዳደረግኩት አልጠየቅሽኝም። ለቀልድ ነው ብል ይቀለኛል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በዚያ ነው። ግን እንዲያ አይደለም። ያ ኮት ነው። በጎኑ ሳልፍ ክንዴን ይነካኛል፤ ማንም ምንም አይልም። አንድ ሰው «ጁሃር» እንዲል ነበር የፈለግኩት። አንድ ጊዜ ብቻ። ስትለው ደግሞ ጣፈጠኝና ደገምኩት።

ማግኔቱን አውልቄ በበርበሬው ጆንያ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። የሚያለቅ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። እማዬ በየቀኑ ከዙሁር በኋላ ሚዛኑ ፊት ትቀመጣለች። ትጠብቃለች። ሳህኑ አይንቀሳቀስም። «ዛሬም አልመጣህም» ትላለች። ትናንት ደግሞ «ተቀየምከኝ? በሰው ፊት ስላወራሁብህ ነው?» አለችው።

አየሽው? ብነግራት የአባባ ስም ይመለሳል፤ አባባ ግን ይሄዳል። ባልነግራት አባባ ደጃችን ላይ ይቆማል፤ ግን ሌባ ሆኖ። ለአንቺ መጽሐፍ ብዙ ተገዝቷል፤ የትኛውን እንደምመርጥ ፈልጊልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት ከአስር ሶላት በፊት ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በሩ ዝግ ነው። ማግኔቱ ጆንያ ውስጥ ነው። የሸቀጡ ሳህን ወረደ። ቀስ ብሎ፤ እኔ እንደማደርገው አይደለም፤ ከእኔ የተሻለ አድርጎ። ከዚያ ተመለሰ። ጆንያውን ዘርግፌ ማግኔቱን ፈለግኩት፤ እዚያው ነው። እጄ በርበሬ ስለነበረ ዓይኔን ሳሸው ነው የሚያስለቅሰኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ነፋስ ነው በይኝ። እባክሽ።

ደግሞ እማዬ ጋይንት ልትሄድ ተነስታለች። እዚያ ቤተ ልሔም ደብር የሚያስተምሩት መሪጌታ ቀለመወርቅ ትዝ ይሉሻል? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የአባባ ደንበኛ ነበሩ፤ ለተማሪዎቻቸው ጨውና በርበሬ ከእኛ ነው የሚገዙት። «ለቄሱ ሳይቀር ካጎደለ ከዚህ በላይ ምን አለ?» ትላለች። በዚህ መንገድ፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚያ ጉልበቷ። እስከ ገና ጠብቂ ብዬ ለምኛታለሁ።

ሻፊ


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ነፋስ ነው አልልህም። እዚያ አልነበርኩም፤ ያላየሁትን ነፋስ ነው ብዬ ብጽፍልህ አንተ ራስህ አታምነኝም።

የእኔንም ልንገርህ። ስሌቴን ባስኬድኩ ቁጥር መጀመሪያ ድምሩን አያለሁ፤ ዜሮ ከሆነ ስህተት የለበትም ብዬ እቀጥላለሁ። ሐምሌ ላይ ስደውል ድምሩን ነበር የምትነግሩኝ። «ሁላችንም ደህና ነን፤ አንቺ ፈተናሽን ተፈተኚ።» አባባ ያኔ አልጋ ላይ ነበር። አጠገቡ ሆናችሁ ነው የምትስቁልኝ። እሱም ስልኩን ተቀብሎ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ጉንፋን ነው» አለኝና ሳል ያዘው። ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰንጥቆ ነበር፤ ሰምቼዋለሁ። ድምሩ ዜሮ ነው ብዬ ዘጋሁት። አሁን መስመሩ ለሁለት ሲከፈል በኮምፒውተሩ ባየሁ ቁጥር፣ መምህሬ «ጎበዝ» ሲሉኝ፣ እኔ የምሰማው ያንን ሳል ነው። እና አንተ ብቻ አይደለህም። አባባ የሚመጣው ወደ ሱቁ ብቻ አይደለም።

አባባ ገበያ ሲከፍት የሚያደርገውን አስታውስ። መጀመሪያ መዝኖ ያስተካክላል። ከዚያ ያገላብጠዋል፤ ኪሎውን በሸቀጡ ሳህን፣ ሸቀጡን በኪሎው ሳህን። አሁንም ቀጥ ካለ ሚዛኑ እውነተኛ ነው። እኛ ክሪስታሉን የምንጠይቀው ያንኑ ነው፦ ላይኛውንና ታችኛውን ብናቀያይራቸውስ? ተራ በሆነው ዓይነት ቀያይረህ አንድ እርምጃ ብታንሸራትተው የነበረውን ታገኛለህ፤ እዚያ ስንጥቅ አይኖርም። በእኔው ግን ማንሸራተት አይበቃም። ማዞር አለብህ። ሳያዞሩት ድምሩን ብቻ አይተው ነው ብዙ ዘመን ያለፉት።

የአባባ ስም የጎደፈው በገበያ ፊት ነው፤ በጓዳ አይታጠብም። ሚዛኑን በገበያ ፊት አገላብጠው። ማግኔቱንም አሳይ።

አባባ ይሄዳል ብለህ ፈርተሃል። ሻፊዬ፣ እሱን አንተ አታስቀረውም፤ አንተም አታስኬደውም። ሄዷል። እኔ አፈር ሲለብስ ስላልነበርኩ ነው መሰለኝ ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን የፈጀብኝ።

ዊዳድ


ወገዳ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም ዊዳድ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በገበያ ቀን ጠዋት ነው። ባይደርሰኝ አንድ ሳምንት እተርፍ ነበር።

እማዬ ጋይንት አልሄደችም። ወሬው ቀድሟት ደርሶ መሪጌታ ራሳቸው መጡ። ገና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ «ሀምዲያ፣ ምንድን ነው የሰማሁት?» አሏት እማዬን።

«አባቴ፣ ጁሃርን አውፍ ይበሉት። ሚዛኑ...»

«ምን ሆነ ሚዛኑ? ያ ሰው ሁለት ጊዜ እያገላበጠ ሲመዝን ፀሐይ ይጠልቅብኝ ነበር! አንድ ቀን 'ጁሃር፣ አምኜሃለሁ፣ ስጠኝና ልሂድ' ብለው 'እኔ ገና አላመንኩትም' አለኝ እኮ።»

ሰው ተሰብስቧል። ያ ጎረምሳም አለ። እኔ በዚያን ጊዜ ጆንያው ውስጥ እጄን ከተትኩ። የተናገርኩትን አልጽፍልሽም፤ ስናገረው አንዴ አፍሬያለሁ፤ ይበቃኛል። ማግኔቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ሳህኑን አስወርጄ አሳየሁ። ከዚያ ማግኔቱን ለመሪጌታ ሰጥቼ አንድ ኪሎ ቡና መዘንኩ፤ ቀጥ አለ። አገላበጥኩት፤ ቀጥ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ማንም ሳያዘኝ አገላበጥኩት። «ይበቃል ልጄ፤ አባትህን ሆንክብኝ» አሉ መሪጌታ። ጎረምሳው የተጨመረለትን ስኒ ቡና ይመልስ እንደሆነ ጠየቅኩት።

እማዬ እንዴት ሆነች ማለትሽ አይቀርም። ጉንጬን ለጥፊ አዘጋጅቼ ነበር። አልመታችኝም። ሰው ሲበተን ጠብቃ፣ «ስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኙንም አንተ?»

«ዘጠኙንም።»

ዐሥረኛውን አልነገርኳትም። አንቺም አትንገሪያት።

«የመጀመሪያውንም?» አለች ደግሞ። «ስሙን ስጠራው የወረደውንም?»

«እሱንም።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ተነስታ የአባባን ኮት ከበሩ ጀርባ አወረደችና አቧራውን አራግፋ ለእኔ አለበሰችኝ። እጅጌው ይረዝመኛል። «ማገላበጡን አትርሳ» አለች።

ይቅር በይኝ ማለትሽን ነግሬያታለሁ። «እኛ ነን የደበቅናት፤ እሷ ምን አድርጋ?» አለች። ይህን በቀጥታ እንድጽፍልሽ አዛኛለች፤ ስለዚህ ቃል አልጨመርኩበትም።

ዛሬ ከዙሁር በኋላ ውኃ እንዳመጣ ላከችኝ። ጀሪካኑን ሞልቼ በጓሮ ስገባ እማዬ ባንኮኒው ጀርባ፣ የእኔ ቦታ ላይ ተቀምጣለች። መሪጌታ ባንኮኒው ላይ ትተውት የሄዱትን ማግኔት በእንጨቱ ጫፍ አስራዋለች፤ እንጨቱን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም። ጉልበቷን ቀስ አድርጋ ታነሳለች፤ የሸቀጡ ሳህን ይወርዳል። ትንሽ ታቆየዋለች። ትመልሰዋለች። ደግሞ ታነሳለች። አታለቅስም፣ አትናገርም፤ ታየዋለች ብቻ።

ጀሪካኑን ይዤ ወደ ጓሮው ተመለስኩና፣ እስክትጨርስ ድረስ ተቀመጥኩ።

ይኸው ነው እንግዲህ እታለም። ሦስት ወር ሊሞላ ያንቺንም የእኔንም እንቅልፍ የነሳው ነገር ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሳህኑ በጠቅላላው የሚወርደው አንድ ጣት ያህል ነው።

ወንድምሽ ሻፊ